ኢንተርኔት ያልነበረበት ቅዳሜ፦ የአንድ ደሴ ቤት ኮምፒውተር ጉዳይ

ቅዳሜ ማታ ኮምቦልቻ ቤቴ ራት ላይ እያለሁ አክስቴ ከደሴ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ገንዘብ ጠየቀን» አለችኝ። ወሎዬ ሰላምታ አቋርጦ ወደ ጉዳይ ከገባ ነገር አለ ማለት ነው። ቢሆንም ሳቄ መጣ። «ኧረ በዶላር ነው የጠየቀን!» ስትል ሳቄ ጠፋ።

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው፤ ስም አልጠራም። ያበላሸነውንም አልደብቅም። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ፎርማት ላድርገው?» ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ላጥፋው ማለቱ ነው። ያን ቀን እኛም ቤት የተጠየቀው ይኸው ነበር።

ቤቱ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ለብሶ የሚቀመጥ ዴስክቶፕ ነው። ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ 10። ሦስት ሰው ይጠቀምበታል። ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የሰፈሩ ቅሬ ጸሐፊም ናቸው፤ ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የአባላቱን መዋጮ በኤክሴል ይይዛሉ። ትልቋ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነበር፤ ርዕሷም ቅሬ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ እንዴት እንደሚቀባበር። ትንሹ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበር። ጌም ይጫወታል፣ ፊልም ያያል፣ «የቤቱ አይቲ» ነው። ከዚህ ሌላ የሠርግ ፎቶ፣ የልደት ፎቶ፣ የሟች አያታችን ቪዲዮ፣ ሁሉም እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለም።

የቤት ኢንተርኔት የላቸውም። ሲያስፈልግ ከስልክ ሆትስፖት ይከፈታል፤ ፓኬጁ እንዳያልቅ ወዲያው ይዘጋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በስልክ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሶኬቱን ንቀሉት። እስክመጣ ማንም አያብራው።» በማግስቱ ጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከሙቀት ተነስተህ ጉም ውስጥ ትገባለህ። ስደርስ ቡናው ቀርቧል፣ ፊት ሁሉ ጠቁሯል። «አብሽሩ» አልኳቸው። እኔም ገና አልበሸርኩም ነበር።

ትንሹ ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶታል። ጎበዝ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ትርጉም የሌለው ባለ አራት ፊደል ቅጥያ ተጨምሯል። በየፎልደሩ ደግሞ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ፋይሎቻችሁ ተቆልፈዋል፤ መፍቻው 980 ዶላር ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈላችሁ 490 ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «ቅናሽ አለው እኮ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። የጡረታ ደሞዝ ለሚበላ ሰው 490 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። ክፍያው ደግሞ በቢትኮይን ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ቢትኮይን የሚሸጥ አላየሁም።

ከቡናው በኋላ ትንሹን ለብቻው ያዝኩት። እንዳልቆጣ ቃል ገባሁለትና ከመጀመሪያው ነገረኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ትልቋ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደች። ስትመለስ ፍላሹ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚወስድ አቋራጭ ምልክት፣ ሆነዋል። ይህን በሽታ የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ፋይሉ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይደብቅና በምትኩ ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። አንተ ፎልደር የከፈትክ ይመስልሃል፤ የጫንከው ግን የቫይረሱን ስክሪፕት ነው። ፎልደሩም ይከፈትልሃል፤ ስለዚህ ምንም አትጠረጥርም። ከዚያ በኋላ እዚያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ ይያዛል። ፎቶ ኮፒ ቤት በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት። መናኸሪያ በሉት።

ይህ እንኳ ቀላል ነበር። ታስክ ማናጀር ከፍተህ እየሠራ ያለውን ስክሪፕት ታስቆማለህ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዳይነሳ ከስታርትአፕ ውስጥ ታወጣዋለህ። ከዚያ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ የተደበቀውን ፎልደር ታወጣና ሾርትከቶቹን ትሰርዛለህ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ፋይል አይሞትም። ትንሹ ግን ይህን አላወቀም። አባቱ ኤክሴላቸው «ተበላሸ» ብለው እንዳይቆጡ ፈርቶ ሌላ መፍትሔ ፈለገ።

ጓደኛው «ሙሉ ቨርዥን አንቲቫይረስ አለኝ፣ ክራክ የተደረገ» አለው፤ ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ማለት ነው። በፍላሽ አመጣለት። ከፕሮግራሙ ጋር መመሪያ አለ። መመሪያው 1ኛ ላይ የሚለው ምን መሰላችሁ? ዊንዶውስ ዲፌንደርን፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣውን አንቲቫይረስ፣ አጥፋ። አጠፋው። ሌባ በሩን አንኳክቶ «ውሻችሁን እሰሩልኝ» ሲል ውሻውን እንደማሰር ነው። ልጁን ግን አልፈርድበትም። የክራክ ሁሉ መመሪያ እንደዚያ ነው፤ እኔም በእሱ ዕድሜ አጥፍቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫነው። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። «አንቲቫይረሱ እየፈተሸ ነው» ብሎ ተወው፣ ኳስ ሊያይ ሄደ። ሲመለስ ሁሉም ተቆልፏል።

አሁን ያበላሸነው ጋ ደረስን። ማታ፣ እኔ ጋ ከመደወላቸው በፊት፣ ትልቋ ደንግጣ የስልኳን ሆትስፖት ከፈተች። ያ ቅጥያ ምን እንደሆነ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ልትፈልግ ነው። አልበቃትም፣ «ፍላሼ ላይ ያለው ደህና ይሁን» ብላ ፍላሿን ሰካች። ደህና ነበር። ለጥቂት ደቂቃ። ይህ ቫይረስ በየ5 ደቂቃው ራሱን የሚያስነሳ ቀጠሮ ዊንዶውስ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አዲስ የመጣ ፋይል ካለ ይቆልፋል። ፍላሹም ተቆለፈ። ፍላሹ ላይ 9 የሽማግሌዎች ቃለ መጠይቅ አለ፤ ስልኳ ሞልቶባት ከስልኩ ሰርዛቸዋለች።

እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

ጋሼ ደግሞ በዚያው ማታ አንድ ጥገና ቤት ደውለዋል። «ሰኞ አምጡት፣ ፎርማት አድርገን አዲስ ዊንዶውስ እንጭንላችኋለን። ፋይሉን እርሱት» ተብለዋል። ባለሙያው አልዋሸም። ፎርማት ቫይረሱን ይገድላል። ችግሩ የተቆለፈውንም ፋይል አብሮ መውሰዱ ነው፤ የተቆለፈ ፋይል ደግሞ የሞተ ፋይል አይደለም። ቫይረስ ማጽዳት አንድ ሥራ ነው፣ ፋይል ማስመለስ ሌላ ሥራ ነው። እኛ አገር ሁለቱንም በአንድ ቃል «ፎርማት» እንላቸዋለን። ብዙ የቤተሰብ ፎቶ የቀረው እዚህች ቃል ላይ ነው። እሁድ ባይሆን ኖሮ፣ ማለትም ጥገና ቤቱ ጠዋቱን ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ኮምፒውተሩን በራሱ ዊንዶውስ አላስነሳሁትም። ዊንዶውሱ ከተነሳ ቫይረሱም ይነሳል። ኡቡንቱ የሚባል፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሥርዓት በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር፤ በእሱ አስነሳሁት። የዊንዶውስ ቫይረስ እዚያ ተኝቶ ይቀራል። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የተቆለፈውንም፣ የገንዘብ መጠየቂያውንም ደብዳቤ፣ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ከቆመበት ቀጠልኩ። አክስቴ ሦስተኛውን ጀበና አፈላች። ትልቋ ከጎኔ ተቀምጣ የምትሞላዋን አረንጓዴ መስመር ብቻ ታያለች።

ግልበጣው እየሄደ በስልኬ ቫይረሱን የመለየት ሥራ ጀመርኩ። አይዲ ራንሰምዌር የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። የገንዘብ መጠየቂያውን ጽሑፍና አንድ የተቆለፈ ፋይል ትሰጠዋለህ፣ ማን እንደቆለፈው ይነግርሃል። የምትልከው ፋይል የግል እንዳይሆን አስብበት፤ እኔ የፊልም ሰብታይትል ላክሁ። መልሱ «ስቶፕ ጄቩ» ነበር።

ስቶፕ ጄቩ እ.ኤ.አ. በ2018 የታወቀ የቫይረስ ቤተሰብ ነው። ባንክና ትልልቅ ድርጅት ላይ አያተኩርም። የሚያድነው ክራክ የሚጭን የቤት ተጠቃሚ ነው፤ እንደ እኛ ያለውን። ቅጥያውን እየቀያየረ በመቶ በሚቆጠሩ መልኮች ወጥቷል። ጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ኤምሲሶፍት የተባለው የጸጥታ ሶፍትዌር ኩባንያ ነጻ መፍቻ አወጣ፤ 148 ዓይነቶችን ይፈታል ተብሎ ነበር። ከነሐሴ 2019 በኋላ የመጡት ግን አቆላለፋቸው ጠንክሯል። የእኛው ከኋለኞቹ ነው።

ኢንተርኔት የለም ያልኩትን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ቫይረሱ መቆለፍ ሲጀምር መጀመሪያ የጌቶቹን ሰርቨር ይጠራል፣ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ቁልፍ ይቀበላል። ያ ቁልፍ በሌቦቹ እጅ ብቻ ነው ያለው። ሰርቨሩን ካላገኘ ግን አይቆምም። ከሆዱ ውስጥ ይዞት የመጣ የተጠባባቂ ቁልፍ አለው፤ በዚያ ይቆልፋል። የተጠባባቂው ቁልፍ በዚያ ዓይነት ቫይረስ ኢንተርኔት ሳይኖር ለተያዘ ሰው ሁሉ አንድ ነው። እዚህ ደሴ የተያዘውም፣ ሌላ አህጉር የተያዘውም። ከመካከላቸው አንዱ ከፍሎ ቁልፉን ካገኘና ለመፍቻ ሠሪዎቹ ከሰጠ፣ ለሁሉም ይሠራል።

የትኛው እንደደረሰብህ እንዴት ታውቃለህ? ሲ ድራይቭ ላይ ሲስተም አይዲ የሚል ፎልደር ይፈጥራል፤ ውስጡ መለያ ቁጥር አለ። መለያው በትንሿ የእንግሊዝኛ «ቲ» ፊደልና በ«1» ቁጥር ካለቀ ተጠባባቂው ቁልፍ ነው። ከፈትኩት። ሁለት መስመር አለ። የላይኛው በቲ 1 ያልቃል። የታችኛው አያልቅም።

ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። የላይኛው የጠዋቱ ነው፣ ኢንተርኔት ሳይኖር። የታችኛው የማታው ነው፣ ሆትስፖቱ ሲከፈት ሰርቨሩን አግኝቶ አዲስ ቁልፍ ተቀብሏል። ማለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ተስፋ አለው። ፍላሹ የለውም። ለትልቋ ይህን መንገር ከባድ ነበር። ጽሑፉ ይመለስ ይሆናል፣ ድምፁ ግን አልኳት። «ሆትስፖቱን ባልከፍተው ኖሮስ?» ስትለኝ መልስ አልሰጠኋትም።

የኤምሲሶፍትን መፍቻ አውርጄ ሞከርኩት። ለዚህ ዓይነት ገና ቁልፍ የለኝም፣ ወደፊት ግን ሊኖር ይችላል አለኝ። ኤክስተርናሉን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ጋሼ «ይህ እንግዲህ እንደ ቅሬ ነው፤ ተራችን እስኪደርስ መጠበቅ» አሉ።

በመጠባበቂያው ጊዜ ትንሹ ቴሌግራም ላይ «በ100 ዶላር እንፈታለን» የሚል ሰው አገኘ። ተው አልኩት። እንዲህ ያሉት ወይ ገንዘብህን በልተው ይጠፋሉ፣ ወይ ራሳቸው ከሌቦቹ ጋር የሚደራደሩ ደላላዎች ናቸው። ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዞራብ የሚባል ቫይረስ የዚሁ የስቶፕ ጄቩ መፍቻ መስሎ ይሰራጭ ነበር። የተቆለፈውን ፋይል በሌላ ቁልፍ ድጋሚ ይቆልፈዋል። የቆሰለ ሰው ኪስ መግባት ይሉሃል ይሄ ነው።

ቅጂው እጃችን ከገባ በኋላ ኮምፒውተሩን ምን አደረግነው? ፎርማት! ጋሼ «ታዲያ ምን ለየን?» ብለው ሳቁብኝ። የለየን ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ፎርማት። ሃርድ ዲስኩን አጥርቼ ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ከወረደ ፋይል ጫንኩ። ፓስወርዶችም ተቀየሩ፣ ከስልክ እንጂ ከዚያ ኮምፒውተር አይደለም። ኢሜይል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም። ይህ ቫይረስ ኢንተርኔት ካገኘ ፓስወርድ የሚሰርቅ ሌላ ቫይረስ አብሮ ሲጎትት ታይቷል፤ ያን ማታ ደግሞ ሆትስፖት ተከፍቷል። ቴሌግራም ላይ ሌሎች መግቢያዎችን ሁሉ ዝጋ የምትለዋን መጫን አትርሱ፤ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን የተከፈተውን መግቢያ አይዘጋም።

ለወደፊቱ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ለሦስቱም የየራሳቸው አካውንት ከፈትን፤ አስተዳዳሪው አካውንት ለብቻው ነው፣ ፓስወርዱ በአክስቴ እጅ ነው። ኮምፒውተር መክፈት እንኳ የማትወደው አክስቴ ማለት ነው። አሁን ትንሹ ፕሮግራም ሊጭን ሲል ወጥ ቤት ሄዶ ማስፈቀድ አለበት። ብዙው ክራክ ወጥ ቤት በር ላይ ቀርቷል። ዲፌንደር በርቷል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሰነብት ቤት ስለሆነ ማደሻውን አንዳንዴ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርጄ በፍላሽ እወስድላቸዋለሁ። የፋይል ቅጥያ እንዲታይ አደረግን፤ ፎቶ ነው የተባለው ፕሮግራም ከሆነ በስሙ ጅራት ይታወቃል።

ለማሳተም ፍላሽ መውሰድ ቀረ። ፋይሉን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ በቴሌግራም መላክ ነው፤ አሁን ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ግዴታ በእጅ መውሰድ ካለበት ደግሞ ትልልቁ የሚሞሪ ካርድ አዳፕተር ጎኑ ላይ ትንሽ ማንሸራተቻ አለው፤ ወደ መቆለፊያው ስትገፋ ኮምፒውተሩ ያነብበታል እንጂ አይጽፍበትም። የማይጻፍበት ላይ ቫይረስ አይገባም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ካርድ ማንበቢያ ካለው ነው እንግዲህ።

ከሁሉ የምወደው ግን የጋሼን ነው። የቅሬው መዋጮ በተሰበሰበ ማግስት ኤክስተርናሉ ከቁም ሳጥን ይወጣል፣ አዲሱ ፋይል ይገለበጣል፣ ተነቅሎ ይመለሳል። መነቀሉ ላይ ነው ቁም ነገሩ፤ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል። መዝገብ አላቸው፤ ዓመተ ምሕረቱንና ወሩን ጽፈው በስማቸው ይፈርሙበታል። መምህር ናቸው አላልኳችሁም?

በየሁለት ሳምንቱ መፍቻውን እያደስኩ ሞከርኩ። ሁለት ወር አለፈ። ትልቋ ከታተመው ረቂቅ እያየች ጽሑፏን እንደገና መተየብ ጀምራ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ያውም ሥራ ላይ ሆኜ፣ እኔ ጋ ባለው ቅጂ ላይ ሞከርኩት። መስመሮቹ አረንጓዴ ሆነው መውረድ ጀመሩ። የሆነ አገር ያለ የማላውቀው ሰው ከፍሎ ቁልፉን ሰጥቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ አክስቴ ግን ዱዓ አድርጋለታለች። ኤክሴሉ መጣ። የሠርጉ ፎቶ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉ መጣ፤ ትልቋ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ በከንቱ ተይባለች። አያታችን ጋቢያቸውን ለብሰው ካሜራውን «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉ ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ፍላሹ ቀረ። እንዳልኩት፣ የማታው ቁልፍ በሌቦቹ እጅ ነው። ግን ቫይረሱ አንድ ስንፍና አለው። ቶሎ ለመጨረስ ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው መጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ለወርድ ፋይልና ለፎቶ ይህ በቂ ጥፋት ነው። ረዥም የድምፅ ፋይል ግን ቀሪው አካሉ ጤነኛ ነው። ዲስክቱና የሚባል ድረ ገጽ ለዚሁ ያወጣው ሚዲያ ሪፔር የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ። የተበላሸውን ጭንቅላት ቆርጦ ቀሪውን እንዲጫወት ያደርጋል። የትልቋ ቅጂዎች ኤምፒ 3 ናቸው። በተለመደው የ128 ኪሎቢት ጥራት 150 ኪሎባይት ወደ 10 ሰከንድ ይሆናል።

ዘጠኙም ተከፈቱ። ከየአንዳንዱ መጀመሪያ 10 ሰከንድ ያህል የለም። ትልቋ ስጋቷ ጥያቄዋና የመልሱ መጀመሪያ ተቆርጦ እንዳይሆን ነበር። የመጀመሪያውን አስነሳነው። አንድ አዛውንት ከመሀል ጀምረው «…ከብቱስ ደህና? ልጆቹስ? ሰዉ ሁሉ ደህና?» እያሉ ነው። ሰላምታው ገና አላለቀም ነበር።